ጥጡን ከመክሰሳችሁ በፊት

ልጅ ሳለሁ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ነጭ ልብስ ትዘፈዝፍ ነበር። ሰማያዊው ሳፋ ውስጥ ውኃ፣ ውኃው ላይ ከጀሪካን የተንቆረቆረ በረኪና፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ፓንትና ካናቴራ። ከሰዓት በኋላ ሽቦው ላይ የሚሰጣው ልብስ ዓይን ይወጋል፤ ጎረቤቶች "እንዴት አድርገሽ ነው ያነጣሽው?" ይሏታል። እኔ ግን ሰኞ ትምህርት ቤት ወገቤን ሳክክ እውላለሁ። ልክ የፓንቱ ላስቲክ በሚያርፍበት ቦታ፣ በገመድ ታስሮ እንደተፈታ ሰው፣ ቀይ መስመር ዙሪያዬን ይዞረኛል። ለእናቴ ሳሳያት "ጥጥ እኮ ነው! ጥጥ ደግሞ ማንን አሳክኮ ያውቃል?" ትለኝ ነበር።

ስለ ጥጡ ልክ ነበረች። ጥፋተኛው ላስቲኩ ነበር፤ ላስቲኩን ያበላሸው ደግሞ በረኪናው።

ይህን የደረስኩበት ካደግሁ በኋላ ነው። ጆርዳንና ቦርላስ የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1975 አሜሪካ ውስጥ በሚታተም የቆዳ ሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ፓንት ላስቲክ አለርጂ ጽፈዋል። ጎማ ሲሠራ ቶሎ እንዲበስል የሚጨመሩበት ኬሚካሎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ፣ ዚንክ ያለበት ውሁድ፣ ከበረኪና ጋር ሲገናኝ ተለውጦ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ቆዳን የሚያስቆጣው ያ አዲሱ ነገር ነው። አስቡት፦ ላስቲኩ ከሱቅ ሲወጣ ጨዋ ነበር፤ ባሕርዩ የተበላሸው እኛ ቤት፣ ሳፋ ውስጥ ነው። (በነገራችን ላይ ሙታንታም፣ ካናቴራም፣ በረኪናም ከጣልያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ፓንቱንም ማንጫውንም ከአንድ ቤት ነው የተዋስነው።)

ስለዚህ ቆዳው ስስ የሆነ ወዳጄ "ምን ዓይነት ጨርቅ ልግዛ?" ብሎ ሲጠይቀኝ፣ መልሴ ጥያቄ ነው፦ "የቱ ጋ ነው የሚያሳክክህ?" የሚያሳክከው ወገቡንና የታፋውን ጠርዝ ተከትሎ እንደ መስመር ከሆነ ላስቲኩን እጠረጥራለሁ። የውስጥ ጭኑ ላይ፣ ጨርቁ በደንብ በሚያሽበት ቦታ ከሆነ ቀለሙን። ብሽሽቱ እጥፋት ውስጥ፣ ላብ በሚጠራቀምበት ከሆነ እርጥበቱን። ፓንት በነካው ቦታ ሁሉ ከሆነ ደግሞ ሳሙናውን። ሁልጊዜ እንዲህ ጥርት ብሎ አይለይም፤ ግን ስድስት ዓይነት ፓንት ገዝቶ ከመሞከር ይረክሳል።

አሁን ወደ ጨርቁ። ጥጥ እንዲህ የሚመሰገነው ውኃ ስለሚወድ ነው። የጨርቅ ባለሙያዎች ይህን ፍቅር በቁጥር ይለኩታል። እርጥበቱ 65 በመቶ በሆነ ክፍል ውስጥ 100 ግራም ደረቅ ጥጥ ብታስቀምጡ፣ እናንተ ስትነኩት ደረቅ እንደመሰላችሁ፣ ከአየሩ 8 ግራም ገደማ ውኃ ይጠጣል። ሱፍ 16 ያህል ይጠጣል። ናይለን 4 ገደማ። ፖሊስተር ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም፤ 0.4 ነው። እንግዲህ ከብሽሽታችሁ የሚነሳው የላብ እንፋሎት ጥጥ ሲያገኝ ማደሪያ አለው፤ ጥብቅ ያለ ፖሊስተር ሲያገኝ ግን ተመልሶ ቆዳችሁ ላይ ይተኛል። ርሶ የቆየ ቆዳ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ልብስ ስታጥቡ ስትውሉ ጣታችሁ የሚሆነውን አስታውሱ። የላይኛው ሽፋን ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ትንሽ ሲታሽ ይላጣል። ያ ነገር ቀኑን ሙሉ በእግር መሀል ሲካሄድ አስቡት። የአሜሪካ የማኅፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ ሴቶችን መቶ በመቶ የጥጥ ፓንት ልበሱ፣ ማታ ደግሞ አውልቁት የሚለው ያለ ነገር አይደለም።

ጥጥ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሴት አያቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶ አድርገው ነበር ወደ እንዝርት የሚያመጡት፤ ጥሩ ፈታይ ክሯ የማይቆራረጥ፣ ፀጉር ያላወጣ ነው። ፋብሪካም ተመሳሳይ ጣጣ አለበት። አጫጭሮቹ የጥጥ ፋይበሮች ጫፋቸው ከክሩ እየወጣ ቆዳን ይኮሰኩሳል። ጥጡን በማበጠሪያ አበጥረው አጫጭሮቹን ያስወገዱለት ክር ለስላሳ ይሆናል፤ መለያው ላይ "ኮምብድ" የሚለው ቃል ይህን ነው የሚናገረው። መለያ ከሌለው ጉንጫችሁ ላይ አሹት። እጅ ልብስ ሲያጥብ ደንድኗል፣ አይፈርድም፤ ጉንጭ ይፈርዳል።

አሠራሩም ከሸማ ይለያል። ሸማኔ ድሩን ዘርግቶ ማጉን በመሀሉ ያመላልሳል፤ ሁለቱ ይጠላለፋሉ፣ ጨርቁም አይለጠጥም። በነጠላ የተሰፋ ፓንት ብትለብሱ ቁጢጥ ስትሉ ይተረተራል። የፓንት ጨርቅ የሚሠራው እንደ ሹራብ ነው፤ ክሩ በቀለበት ቀለበት እየገባ ራሱን ይይዛል፣ ሲስቡት ቀለበቶቹ ይከፈታሉ፣ ሲለቁት ይመለሳሉ። መለያ ላይ "95 በመቶ ጥጥ፣ 5 በመቶ ኤላስታን" የሚል ስታዩ አትደንግጡ። ኤላስታን እ.ኤ.አ. በ1958 ዱፖንት ኩባንያ ውስጥ ጆሴፍ ሺቨርስ የተባለ ኬሚስት የፈጠረው የሚለጠጥ ክር ነው፤ ላይክራ የምንለው እሱን ነው። ከጎማ የተለየ ስለሆነ እምብዛም አለርጂ አያስነሳም። እሱም ግን በረኪና አይወድም፤ ቢጫ ይሆንና ይልፈሰፈሳል።

እውነቱን ለመናገር ጥጥም ጉድለት አለው። ውኃ መውደዱ ራሱ ጠላቱ ይሆናል፦ ከጠገበ በኋላ በቀላሉ አይደርቅም። ጠዋት እንጦጦ ላይ 15 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ሰው የጥጥ ፓንት ቢለብስ፣ ግማሽ መንገድ ላይ የረጠበ ጨርቅ ጭኑን ይሞርደዋል። ለሩጫ ቀጭንና የሚተነፍስ የናይለን ወይም የፖሊስተር ስፖርት ፓንት ይሻላል፤ ሩጫው እንዳለቀ ግን ይውለቅ። በዚያው በረጠበ ፓንት ቁርስ ቤት ገብቶ አንድ ሰዓት ፍርፍር እየበሉ መቀመጥ ነው ጣጣው።

ስለ ፖሊስተር ሽታ አንድ የምወደው ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የቤልጂየሙ ጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 26 ሰዎችን አንድ ሰዓት ሙሉ የማይንቀሳቀስ ብስክሌት አስነድተው በላብ የራሱትን ካናቴራዎች ሰበሰቡ። በማግሥቱ ሲያሸቱ (ይህን ሥራ የሠራውን ሰው እግዜር ይስጠው) የፖሊስተሮቹ ከጥጦቹ የባሰ ይሸቱ ነበር። ማይክሮኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ፖሊስተር ላይ ተመችቶት ይራባል። ሽታ በራሱ አያሳክክም፤ ሽታ የሚያሳፍረው ሰው ግን ሽቶ ያለው ማለስለሻ ላይ ይወድቃል፣ የሽቶው ኬሚካል ደግሞ ራሱን የቻለ የአለርጂ ምንጭ ነው።

ዳንቴልና ናይለን ለምትወዱ፦ ብዙዎቹ መሀላቸው ላይ የጥጥ ገበር አላቸው። እሱ መኖሩን እዩ። ቢሆንም ገበሩ የሚጠብቃችሁ እሱ ያረፈበትን ቦታ ብቻ ነው፤ ጭን ላይ የሚያልፈውን የዳንቴል ጠርዝ አያስታግስም።

ቀለም ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የማያውቀው እዚህ ነው። ጥጥና ፖሊስተር በአንድ ዓይነት ቀለም አይቀለሙም። ፖሊስተር ውኃ ስለማይወድ፣ የሚቀለመው "ዲስፐርስ" በሚባል፣ ውኃ ውስጥ እንደ ደቃቅ ዱቄት በሚንሳፈፍ ቀለም ነው። በኃይለኛ ሙቀት ተገፍቶ ፋይበሩ ውስጥ ይገባል፤ እዚያም ይቀመጣል እንጂ ከፋይበሩ ጋር በኬሚካል አይተሳሰርም። ተከራይ ነው በሉት። ሙቀት፣ ላብና መታሸት ሲበዛበት ዕቃውን ጠቅልሎ ቆዳችሁ ላይ ይወጣል። በተለይ ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ለማውጣት ብዙ ቀለም ስለሚገባ፣ በደንብ ካልታጠበ ትርፉ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከሁሉ ስመ ጥፉዎቹ ዲስፐርስ ብሉ 106 እና 124 ናቸው። የአሜሪካ የንክኪ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በየዓመቱ "የዓመቱ አለርጂ አምጪ" የሚለውን ነገር ይመርጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ዘውዱን የደፉት እነዚሁ ዲስፐርስ ሰማያዊዎች ነበሩ።

ጥጥ ግን ሌላ ቀለም አለው። እ.ኤ.አ. በ1956 አይ ሲ አይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ለገበያ ያወጣቸው "ሪአክቲቭ" ቀለሞች ከጥጡ ሴሉሎስ ጋር እውነተኛ ኬሚካላዊ ትስስር ይፈጥራሉ። ይኼኛው ተከራይ አይደለም፤ አማች ነው፣ ከቤቱ አይወጣም። ስለዚህ "ስስ ቆዳ ያለው ሰው ጥቁር ፓንት አይልበስ" የሚለው ምክር ግማሹ ብቻ ነው ልክ። እኔ ጥቁር ፖሊስተር እፈራለሁ፤ በደንብ የተቀለመ ጥቁር ጥጥ ግን ያለ ስጋት እለብሳለሁ። ስትጠራጠሩ ነጭ ጨርቅ በሞቀ ውኃ አርጥባችሁ ፓንቱን በኃይል እሹት። ነጩ ጨርቅ ከጠቆረ፣ ነገ የሚጠቁረው የእናንተ ጭን ነው።

እዚሁ ላይ የአዲስ ልብስ ነገር አለ። ለበዓል የተገዛ ፓንትና ካናቴራ ከፌስታሉ ወጥቶ በቀጥታ ሲለበስ አይቻለሁ፤ አዲስነቱ እንዳይጠፋ ተብሎ። እኔ እንደዚያ አላደርግም። ያልተያያዘ ትርፍ ቀለም፣ ጨርቁ እንዳይጨማደድ የተቀባ ፎርማልዲሃይድ ያለበት ሙጫ፣ የፋብሪካ አቧራ፣ ብዙው በመጀመሪያው እጥበት ይለቅቃል። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ኦኮቴክስ የተባለው መለያ ቆዳ ለሚነካ ልብስ በአንድ ኪሎ ጨርቅ ከ75 ሚሊግራም በላይ ፎርማልዲሃይድ አይፈቅድም፤ ለሕፃናት ልብስ ገደቡ በጣም ጠባብ ነው። መለያው ላይ ቁጥር አለ፤ ኢንተርኔት ላይ ገብታችሁ ታመሳክሩታላችሁ። ቁጥር የሌለው መለያ ጌጥ ነው።

"የቀርከሃ ፓንትስ?" ትሉኛላችሁ፤ ሁልጊዜ ይህ ጥያቄ ይመጣል። ቀርከሃን ከኛ በላይ ማን ያውቀዋል? ኢንጅባራ አካባቢ ወንበሩም፣ አልጋውም፣ አጥሩም ቀርከሃ ነው። ግን ያንን ዘንግ እንዴት አድርገው ፓንት ያደርጉታል? ፈጭተው በኮስቲክ ሶዳና በካርቦን ዳይሰልፋይድ ያሟሙታል፣ እንደ ማር የወፈረውን ፈሳሽ በጥቃቅን ቀዳዳዎች አሲድ ውስጥ ይረጩታል፣ እዚያ ወደ ክር ይጠነክራል። የወጣው ነገር ቪስኮስ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1892 እንግሊዝ ውስጥ ፓተንት የተሰጠው አሠራር ነው። ከባሕር ዛፍም፣ ከቀርከሃም ቢጀምር መጨረሻው አንድ ነው። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ይህን ክር "ቀርከሃ" ብሎ መሸጥ ማታለል ነው ብሎ ለዓመታት ሲከስ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ዎልማርትና ኮልስ በድምሩ 5.5 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍሉ ተስማምተዋል። እኔ የምቃወመው ጨርቁን አይደለም፤ ቪስኮስ ለስላሳ ነው፣ ከጥጥ የበለጠ ውኃ ይጠጣል፣ ስስ ቆዳም ይወደዋል። የምቃወመው "ባክቴሪያ ይገድላል" ተብሎ የሚጨመርበትን ዋጋ ነው። ዘንጉ ውስጥ የነበረው ነገር ያንን ሁሉ ኬሚካል አልፎ ፓንታችሁ ድረስ አይመጣም።

ሐርና ሱፍን በአጭሩ። ሐር ለችፌ ይበጃል ስለሚባል እንግሊዝ ውስጥ 300 ችፌ ያለባቸውን ልጆች ይዘው ሞከሩት፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲወጣ ልዩ የሐር ልብስ ከተለመደው ሕክምና በላይ የጨመረው ጥቅም አልተገኘም። ሱፍ ደግሞ ሁሉም ሰው እንደ መንዝ በርኖስ የሚኮሰኩስ ይመስለዋል። የሚወጋው ግን ውፍረቱ ነው፤ 0.03 ሚሊሜትር ያህል የሚወፍሩ ፀጉሮች ቆዳን ሲነኩ አይታጠፉም፣ እንደ መርፌ ይቆማሉ። ቀጭን የሜሪኖ ሱፍ ይታጠፋል፣ አይወጋም። ዋጋውን ስታዩ ግን እሱ ይወጋችኋል።

መለያው የተቆረጠ ወይም የማይታመን ፓንት ቢገጥማችሁ እሳት ይናገራል። ከስፌቱ ትርፍ ላይ ጥቂት ክር ምዘዙ፣ በወረንጦ ያዙ፣ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ላይ ሆናችሁ ክብሪት ለኩሱበት። ጥጥና ቪስኮስ ወረቀት ሲቃጠል የሚሸተውን ይሸታሉ፣ የሚቀረውም ብን የሚል ግራጫ አመድ ነው። ሐርና ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ። ፖሊስተርና ናይለን ይቀልጡና ጠንካራ ፍሬ ይሆናሉ፤ በጣት አይፈርስም (ትኩስ ሳለ እንዳትነኩት)። አመድም ፍሬም ካገኛችሁ ድብልቅ ነው። "መቶ በመቶ ጥጥ" ተብሎ የተሸጠልኝ አንዱ ፓንት እንዲህ ቀልጦ እንደ ጥቁር ጤፍ ፍሬ ሆኖልኛል።

ሳሙናው ቀረን። የጤነኛ ቆዳ ገጽ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል፤ ፒኤቹ 5 አካባቢ ነው። የልብስ ሳሙና ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ውኃ በሚጠፋበት ሰፈር አንዴ ብቻ አለቅልቆ መስቀል የተለመደ ነው፤ ያኔ ሳሙናው ጨርቁ ውስጥ ይደርቃል፣ ላብ ሲነካው እንደገና ይነቃል። ውኃ ካነሰ የሳሙና ዱቄቱን ቀንሱ፤ ለፓንት የሚበቃው ከምታስቡት ያነሰ ነው። ልብስ ሳይደርቅ ሦስት ቀን ሽቦ ላይ በሚሰነብትበት ክረምት ደግሞ ካውያ ይረዳል። የረጠበ ፓንት "ሰውነቴ ላይ ይደርቃል" ብሎ መልበስ ግን ለጭርት ግብዣ መላክ ነው።

ጭርት ካልኩ አይቀር፦ ብሽሽት ላይ ጠርዙ ቀላ ብሎ እንደ ቀለበት እየሰፋ የሚሄድ ሽፍታ የጨርቅ ጥፋት አይደለም፣ ፈንገስ ነው። እዚህ ላይ ጎረቤት ያበደረችው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት አደገኛ ነው። ማሳከኩን ለቀናት ያስታግሳል፣ ፈንገሱ ግን ተደብቆ ይሰፋል፣ መልኩም ተለውጦ ሐኪሙን ያሳስታል። ሁለት ሦስት ሳምንት ፓንትም ሳሙናም ቀይራችሁ ካልተሻለ የቆዳ ሐኪም ይየው። አለርጂው ከምን እንደሆነ ለመለየት የተጠረጠሩትን ነገሮች በትንንሹ ጀርባ ላይ ለጥፎ ለ48 ሰዓት የሚያቆይ ምርመራም አለ።

የላስቲክን ነገር ገና አልጨረስኩም። ፊኛ ሲነፉ ከንፈራቸውን የሚያሳክካቸው፣ የጎማ ጓንት ሲያጠልቁ እጃቸው ወዲያው የሚያብጥ ሰዎች አሉ። እነዚህ የተፈጥሮ ጎማውን ፕሮቲን ነው የማይወዱት፤ አንዳንዶቹ ሙዝና አቮካዶም ያሳክካቸዋል፣ ፍሬዎቹ ተመሳሳይ ፕሮቲን ስላላቸው። እነሱም ሆኑ እንደ እኔ መስመር የሚወጣባቸው ሰዎች መርካቶ ሲገቡ ፓንቱን ገልብጠው ይዩት። ላስቲኩ ራቁቱን ቆዳ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ተዉት፤ ጨርቁ ታጥፎ ላስቲኩን የዋጠበትን ውሰዱ። ስፌቱ ጠፍጣፋ ይሁን። ጎኑ ላይ የተሰፋችውን የናይለን መለያ ከእነሥሯ ፍቱ፤ ከመሀል ብትቆርጧት ጉቶዋ ይብሳል። ሳልቫጅ ፓንት ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ በምን በምን እንደታጠበ ስለማላውቅ አልገዛም።

ባለፈው ፋሲካ ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት፤ የ1975ቱን ጽሑፍ፣ ዚንኩን፣ ሁሉንም። በትዕግሥት ሰምታ "ታዲያ ነጭ በምን ይንጣ?" አለችኝ። ፀሐይ አልኳት፤ ካልበቃ ደግሞ ክሎሪን የሌለው ማንጫ። ከዚያን ቀን ወዲህ ፓንት ከሳፋው ወጥቷል፣ ለብቻው ይታጠባል። ካልሲ ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እሷ ካልሲ ያለ በረኪና አይነጣም ትላለች፤ እኔ ካልሲም እኮ ላስቲክ አለው እላለሁ፤ አባቴ ቁርጭምጭሚቱን ያካል።